በሲስተር ተናኘወርቅ እንግዳ ሞት ስለተሰማን ሀዘንና "ሠላሳ" እያልን ስለመዘገብናቸው እናቶች

ለክሊኒኩ ሠራተኞች፣ ለአካባቢው ቀበሌዎችና ገበሬ ማኅበራት፣ እንዲሁም በየረቡዕ ለእርግዝና ክትትል ለሚመጡ እናቶች በሙሉ፤

የላፍቶና አካባቢው የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ዋና አዋላጅ ነርስ የነበሩት ሲስተር ተናኘወርቅ እንግዳ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 3 ቀን 1978 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ በሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። የሠራተኞች ኮሚቴው እንደ ወትሮው "ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶናል" ብሎ ማኅተም መምታት አልበቃውም። ከማዘናችን ሌላ አፍረናል፤ ያፈርንበትንም በዚሁ መግለጫ እንናገራለን።

ሲስተር ተናኘወርቅ በ1949 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች ካገለገሉ በኋላ፣ ክሊኒካችን በተከፈተበት በ1963 ዓ.ም. ተዛውረው መጥተዋል። ያን ጊዜ ላፍቶ ማሳ ነበር። ከፉሪ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ስትመጣ ጭቃውን አቋርጠው መንገድ ላይ የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ቁጡ ነበሩ፤ እጁን ሳይታጠብ ማዋለጃ ክፍል የገባ ሠራተኛ ከእሳቸው አፍ የሚወጣውን ያውቃል።

በ1968 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው ልጃቸውን ውዳሴን ወለዱ። ውዳሴ ዳውን ሲንድረም አለባት፤ ይኸውም ልጁ ገና ሲፀነስ በሚፈጠር ትርፍ የዘር ቅንጣት (ክሮሞሶም) ምክንያት አካሉና አእምሮው ዘግየት ብሎ የሚያድግበት፣ ልቡም ብዙ ጊዜ የሚታመምበት ሁኔታ ነው። ጎረቤት "ዓይነ ጥላ ነው" አለ፤ ሌላው "እናቲቱ የሠራችው ግፍ ይኖራል" አለ። እሳቸው ግን ልጃቸውን አዝለው ወደ ሥራ ተመለሱ።

በ1970 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ተልከው ነበር። የእናት ዕድሜ ከሠላሳ አምስት ባለፈ ቁጥር ይህ ሁኔታ የመከሰት ዕድሉ እየጨመረ እንደሚሄድ፣ አርባ ሲያልፍ ደግሞ ይበልጥ እንደሚበረታ እዚያ ተማሩ። ጽንሱ ከተኛበት ውኃ ጥቂት ቀድቶ በመመርመር አስቀድሞ ማወቅ እንደሚቻልም አዩ። ሲመለሱ "ምርመራው አገራችን የለም፤ አፋችን ግን አለ። ቢያንስ እንንገራቸው" አሉን።

በ1972 ዓ.ም. የአሥር ዓመቱን የወሊድ መዝገብ አገላብጠው ከ3,214 ሕፃናት መካከል ዘጠኙ ይህ ምልክት እንደነበራቸው ለዩ። በየረቡዑ ለእናቶች የሚነበብ አንድ ገጽ ጽሑፍም አዘጋጁ፤ ኮሚቴያችንም ከመዝገቡ ጋር ለበላይ መምሪያ ላከው። ጽሑፉ ሕመሙ እርግማን እንዳልሆነ፣ ከወጣት እናትም ሊወለድ እንደሚችል፣ ከሠላሳ አምስት በላይ የሆነች እናት ግን ቀደም ብላ መምጣት እንዳለባት፣ ልጁ ጡት መሳብ ቢያቅተው ታልቦ በማንኪያ እንደሚሰጠው፣ ልቡም መደመጥ እንዳለበት የሚገልጽ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ከበላይ መምሪያ መልስ መጣ፦ "ራሳችሁ በላካችሁት መዝገብ ከዘጠኙ እናቶች ሰባቱ የሠላሳ ዓመት ናቸው። ስለዚህ ከዕድሜ ጋር ግንኙነት የለውም።" ኮሚቴያችንም ይህንኑ ይዞ ጽሑፉ እንዳይነበብ ከለከለ። ሠራተኛው ስለ ጉዳዩ ለወላዶች እንዳይናገር፣ የተናገረም አሉባልታ እንደነዛ እንደሚቆጠር የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጠፍን።

ወይ ነዶ! ሠላሳ ብለን የጻፍነው እኛው ነበርን። ዕድሜዋን የምታውቅ እናት ስንት ናት? ስንጠይቃት "እኔ ምኑን አውቄው፣ እናንተው ገምቱት" ትላለች። መዝጋቢዎቻችን ደግሞ ሴትን ዕድሜዋን ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው እያሉ፣ አርባም ይሁናት አርባ አራት፣ "30" ብለው ያልፋሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ 1,906 የሠላሳ ዓመት ሴቶች አዋልደናል። አንድም ቀን አልገረመንም።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር ተናኘወርቅ በእረፍት ቀናቸው መዝገቡን ተሸክመው ቤት ለቤት ዞሩ። አንዷን "ጣሊያን ሲወጣ ጥርስ አብቅለሽ ነበር?" ይሏታል፤ ሌላዋን መጀመሪያ ረመዳን የጾመችው በየትኛው ዘመን እንደሆነ ይጠይቋታል። ሰፈሩ "የራሷ ሲያርርባት የሰው ታማስላለች" እያለ ተሳለቀባቸው። እግራቸው እስኪያብጥ ድረስ ሄደው የ1,388 እናቶችን ዕድሜ አቃንተዋል። ሠላሳ ካልናቸው ከሰባቱ መካከል ስድስቱ ከሠላሳ ስምንት በላይ ሆነው ተገኙ።

በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ሲስተር ተናኘወርቅ ለክትባት ዘመቻ ክፍለ ሀገር በነበሩበት ጊዜ ወይዘሮ ከድጃ የተባሉ የፉሪ ነዋሪ ስምንተኛ ልጃቸውን እዚህ ተገላገሉ። ተረኛዋ አዋላጅ የሕፃኑን ፊት እንዳየች አውቃለች። ማስታወቂያችንንም ታውቃለች። ስለዚህ ዝም አለች። እናቲቱን "30" ብለን መዝግበን፣ ልጃቸውን አሳቅፈን ሸኘናቸው።

ሕፃኑ ጡት መሳብ አቃተው። የባለቤታቸው ዘመዶች "ተረግማለች" ስላሉ ወይዘሮ ከድጃ አፍረው ወደ ክሊኒኩ አላመጡትም፤ የመጣባቸውን ቅጣት መቀበል እንዳለባቸው አምነው ነበር። ልጁ በአምስት ወሩ በሳንባ ምች ሞተ። ሲስተር ተናኘወርቅ ዕድሜ ሊያቃኑ ቤታቸው የደረሱት ከተቀበረ በኋላ ነው። ተመልሰው ኮሚቴው ፊት ቆሙና "አርባ ሁለት ዓመቷ ነው" አሉ። ያኔም ጽሑፉን አልፈቀድንም። የፈቀድነው ባለፈው ረቡዕ፣ እሳቸው በተቀበሩ በሳምንቱ ነው።

ያልተቃኑት 518 ስሞች ለመዝገብ ክፍል ተሰጥተዋል። ከእንግዲህ የእናትን ዕድሜ ሳይጠይቅ "30" የሚጽፍ ሠራተኛ አይኖርም። ውዳሴ ከአጎቷ ከአቶ ሙሉሰው እንግዳ ዘንድ ትገኛለች፤ የልብ ክትትሏን ክሊኒኩ ይቀጥላል። ትምህርት ቤት የሚቀበላት እስካሁን አላገኘንም።

ለልጃቸው ለውዳሴ፣ ለወንድማቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ላዋለዷቸው እናቶች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለሲስተር ተናኘወርቅ አፈሩን ያቅልልላቸው።

ወይዘሮ ከድጃ ሆይ፣ በልጅዎ በሕፃን ሱልጣን ከድር ሞት ክሊኒኩ ማዘኑን የምንገልጽልዎ ዛሬ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ምንም የሠሩት ጥፋት የለም፤ እርግማንም አልነበረም። ይህን በወለዱ ዕለት እናውቅ ነበር፤ አልነገርንዎትም።

የክሊኒኩ ሠራተኞች ኮሚቴ
ላፍቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.