ለሱቅሽ በር ቦይ የተጠየቀ ይቅርታ

ሩዋይዳዬ፣ አካም ጂርታ?

በዚህ ፖስት ካርድ ላይ ያለውን ቀጭኔ እኔም አላየሁትም። ናይሮቢ ድረስ የመጣሁት አዳራሽ ውስጥ ተዘግቶብኝ ስለ አንድ ሶፍትዌር ልሰለጥን ነው። ኤአይ የሚሉት ማሽን ራሱ መዝገብ ውስጥ እየገባ የመንግሥትን የወጪ መረጃ የሚፈልግበት ሶፍትዌር ነው። ትናንት አሰልጣኛችን ማሽኑን ስለ አንድ ሩቅ አገር ከተማ ጠየቀው። የመናፈሻው አግዳሚ ወንበር በስንት እንደተገዛ፣ ማን እንደሸጠው፣ በዓይን ጥቅሻ ዘረገፈው። ከዚያ «እስቲ ደግሞ የየሰፈራችሁን ጠይቁት» አለን።

እኔም የቡራዩ ሰው አይደለሁ? ሱቅሽ በር ላይ ተቆፍሮ የቀረውን ቦይ ጠየቅኩት፤ ማን አስቆፈረው፣ ስንት ወጣበት፣ መቼስ ይደፈናል? ምስኪን፣ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ በአማርኛ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «መረጃውን ማግኘት አልቻልኩም። ለደረሰብዎት እንግልት ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ያውም አንቱ ብሎ! እኛ ጋ እኮ ይህን ጠይቀሽ «ነገ ተመለሺ» ከተባልሽ ተከበርሽ ማለት ነው። ያ ቦይ ስንት ክረምት አልፎት፣ ደንበኞችሽ በሳንቃ እየተሻገሩ ስኳር ሲገዙ ኖረው፣ ይቅርታ ያለን የመጀመሪያው ይኸው ማሽን ሆነ።

ካርዱ ጠበበኝ። ልጅሽን ኡዘይርን ሳሚልኝ፣ ለእናትሽም ሰላም በይልኝ። ኦቦ ሂርጳስ፣ ቦዩ ውስጥ ወድቀው የተሰበረው እግራቸው ተሻላቸው? ይቅርታ ተጠይቀዋል ብለሽ ንገሪያቸው። የጠየቃቸው ግን ያልቆፈረው መሆኑን፣ አደራ፣ እንዳትነግሪያቸው።

ዕድላዊት