ለጊዜው ዝግ ነን

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት

ለአጣዬው ጎረቤቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለህበት ድረስ ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? እናትህ እትዬ ዘምዘምስ የደም ግፊታቸው ተሻላቸው? የሰመራን ሙቀት እንዴት እንደሚችሉት ሳስብ ይጨንቀኛል፤ እዚህ እንኳ ቀትር ላይ ኑሯችን ጥላ ፍለጋ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴን ሳሉ ለቆታል። ማሾው ዘንድሮ አምሮበታል፤ ዝናብ ሳያበላሸው ከገባ ጥሩ ዓመት ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሀሩን ነው፤ ከዚህ ወደ ሰመራ ሽንኩርት የሚጭነው ሾፌር። ስለ አንተ ሳልጠይቀው ብዙ አወራኝ። እኔም ሥራ እንደበዛበት ሰው ዕቃ እየደረደርኩ፣ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ ሰማሁት። በስልክ መጻፍ ስትችል ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። ታገስና አንብበኝ።

አጣዬ ከተቃጠለች በኋላ እናንተ ወዲያ እኛ ወዲህ ስንበታተን፣ እኔና አንተ በወጉ እንኳ አልተሰነባበትንም። ስልክህም ከዚያ ወዲህ አልሠራ አለ። አጎቴ ሱሌይማን የእንስሳት ሐኪም መሆኑን ታውቃለህ፤ እዚህ መድኃኒት ቤት ከፈተ። እኔም የተማርኩት ኮምፒውተር ሥራ ስላላስገኘልኝ ከእሱ ጋር ሱቁን ያዝኩ። ከካራቆሬ እስከ ቀወት መንደሮች ያለ ገበሬ ሁሉ በቴሌግራም ይጽፍልኛል፤ የዶሮ ክትባት መጣ ወይ፣ የመዥገር መድኃኒት አለ ወይ፣ ዛሬ ክፍት ናችሁ ወይ እያለ። ለዚያ ስመልስ ሱቅ የመጣው ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሱቁ ውስጥ ባለችው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ የሚጻፍልኝን ያያል፤ የሚያውቀውን ቃል ሲያገኝ በእኔ ስም ይመልሳል፣ መልእክቱንም እንደተነበበ ያደርገዋል። “ክትባት” ላለው ስለ ክትባት፣ “ክፍት” ላለው ስለ ሰዓታችን፣ ለመረቀንም ምስጋና። እውነቱን ልንገርህ፣ ኮራሁበት። ሰዉም ልጅቷ መልስ አታዘገይም እያለ አመሰገነኝ።

ባለፈው ወር፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አዲስ የገባ መድኃኒት ስም ልጨምርበት ላፕቶፑን ከፍቼ ሳለ፣ እመቤት የምትባል ደንበኛችን የጻፈችው ዓይኔ ሥር መጣ። ቤቷ ከዳገቱ ሥር ባለው መንደር ነው። ትንሿ ልጄ የመዥገሩን መድኃኒት ጠጣችብኝ፣ ምን ላድርግ ትላለች። ፕሮግራሙም መልሶላታል፦ “የመዥገር መድኃኒት አለን። እስከ ማታ ክፍት ነን።” እሷ ደግሞ ከሥሩ እንደገና ጽፋለች፦ “አንቺ ራስሽ ካለሽ መልሺልኝ።”

ወዲያው ደወልኩላት። አጎቴ ስልኩን ተቀብሎኝ፣ ልጅቷን በግድ እንድታስመልስ እንዳታደርጋት፣ ጠርሙሱንም ይዛ እንድትመጣ ነገራት፤ እኔ በላይ የሚባለውን ባለ ባጃጅ ላክሁላት። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሲደርሱ የልጅቷ ምራቅ ይዝረበረባል፣ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። እናቷ አንዱን ጫማዋን መንገድ ላይ ጥላዋለች። ሐኪሞቹ ወዲያው ተቀበሏት። እኔና እመቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ ማርያምን እኔ አላህን፣ ያችኑ ልጅ ስንለምን ዋልን። አመሻሽ ላይ ልጅቷ ውሃ ብላ አለቀሰች። የልጅ ልቅሶ እንዲያ ደስ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እመቤትን ይቅርታ ስጠይቃት ጭራሽ አልተቀየመችኝም። ስትደውል መስመሩ ስለተያዘባት ነበር የጻፈችው። መልሱን ስታየው ግን ግራ ገባት።

“አንቺን አውቅሻለሁ” አለችኝ። “ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብዬሽ እንዲህ የምትይ ሰው አይደለሽም። ለዚህ ነው የደገምኩት።”

ይህ ቃሏ ሰላም ነሳኝ። በማግስቱ ፕሮግራሙን አጠፋሁና፣ በእኔ ስም ለሰው የመለሰውን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። አብዛኛው ደህና ነበር። ከዚያ ባለፈው ዒድ ሰሞን ከማላውቀው ቁጥር የተጻፈ አገኘሁ፤ ከአንተ በቀር ማንም በማይጠራኝ ስም ጠርቶኝ። ብዙ ጊዜ እንዳለፈ አውቃለሁ፣ ልመጣ አስቤያለሁ፣ በሩ አሁንም ክፍት ነው ወይ፣ ይላል።

እኛ ደግሞ ያን ሰሞን ሱቁን ለበዓል ዘግተን ነበር። የተመለሰልህን ታውቀዋለህ፦ “ለጊዜው ዝግ ነን። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።” አንተም ገባኝ፣ አላህ ይጠብቅሽ አልክ። ለዚያም ስለ ደንበኝነትዎ ተመስግነሃል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። አጎቴ ምን ነካሽ እስኪለኝ ሳቅሁ፤ ሳልጨርሰው እንባዬ መጣ። እኔ አንተን “አንቱ” ብዬህ አውቃለሁ? እንዴት አመንከው? መድኃኒት ስትገዛ ብቻ የምታውቀኝ ሴት ደግማ ጻፈች፤ ከአንድ ግንብ ማዶ አብረኸኝ ያደግከው አንተ አልደገምክም። ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። ትንሽ ግን ልወቅስህ ነው።

ፕሮግራሙን አልጣልኩትም፣ አስተካከልኩት። አሁን ሲመልስ ማሽን መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል፤ ልጅ፣ ታመመ፣ ጠጣ የሚል ቃል ካየ መልስ መስጠቱን ትቶ ስልኬን ያስጮኻል፤ ያልገባውን ለእኔ ይተወዋል። የካራቆሬ መድኃኒት ቤት ለእኛም ሥሪልን ብሎኝ ጀምሬያለሁ። የእመቤት ልጅ ባለፈው ገበያ ከእናቷ ጋር መጥታ መደርደሪያውን ስታተራምስብኝ ዋለች፤ ማንም አልተቆጣትም።

ያንተን ቁጥር ከፕሮግራሙ አውጥቼዋለሁ። አንተ ስትጽፍ የሚያነብም የሚመልስም እኔ ነኝ። ይህንንም በእጄ የጻፍኩት ማሽኑ ነው እንዳትለኝ ነው፤ መስመሬ እንደ ድሮው ወደ ታች ማዘቅዘቁን አይተህ ታውቀኛለህ።

የእትዬ ዘምዘምን ጉልበት ሳምልኝ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፤ አንተንም በወጣህ በገባህበት ይጠብቅህ፣ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ያሰብከውን ኸይር ያድርገው።

አባቴ አሁን ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከቤት አይወጣም። እንግዳ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። ትልልቅ ሰዎች ከሩቅ አገር ተነሥተው ቢመጡም ማደሪያ አናጣም።

የአጣዬዋ ጎረቤትህ