ስም አይጠየቅም ያለው መልእክት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ዕንባቆም፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህስ እንዴት ነው? የደቡብ አፍሪካ ብርድ አለፈ? ራሄልና ልጆቹስ? እኛ በአካል ደህና ነን፤ ልባችንም ደህና ነው ብልህ ግን እዋሻለሁ።

ወንድማችን ሳህሉ ታስሯል። እማዬ በስልክ «ትንሽ ግጭት ነው» ብላሃለች አሉ፤ ትንሽ አይደለም። ከጃጁራ ቅቤ ይዘው የመጡ ወይዘሮ አባይነሽ የሚባሉ እናት ገበያው ዳር ባጃጅ ገጭቷቸው፣ ገጪው ጥሏቸው አመለጠ። እግራቸው ተሰብሮ እኔ በምሠራበት የሆስፒታል ክፍል ተኙ። ቁስላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ መናኸሪያው በር ላይ ፖሊሶች በብሉቱዝ መልእክት ይበትኑ ነበር። እንደምታውቀው እኛ ብሉቱዝ አንዘጋም፣ መዝሙር የምንቀባበለው በእሱ ነው። መዝሙር መስሎኝ ተቀበልኩ። ሰማያዊ ባጃጅ፣ የግራ መስታወቱ የረገፈ፣ ከኋላው የዓሣ ምስል የተለጠፈበት፤ የሚያውቅ በዚሁ ይመልስ፣ ስም አይጠየቅም ይላል። ዓሣዋን ሳህሉ ባጃጅ ላይ የለጠፍኳት እኔ ነኝ! ሳህሉ በዚያው ሰሞን መስታወት ቀይሮ፣ ዓሣዋንም ፍቆ «አርጅታ ነው» ብሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ሲያቃስቱ ታዩኝና ስሙን ጽፌ ላክሁ።

ሞኝነቴን እይልኝ፤ አልቶ ድምፅ ስለምዘምር፣ ለኳየር ጓደኞቼ እንዲለይ የስልኬን ብሉቱዝ «ጵርስቅላ አልቶ» ብዬ ሰይሜዋለሁ፤ መልእክት ስልክ ስሙ አብሮ ይሄዳል። ፖሊሱ ስልኩን አየና ጮክ ብሎ «ጵርስቅላ አልቶ ማን ናት?» አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሳህሉ እዚያው የባጃጅ ወረፋ ላይ ነበር፣ አሥር እርምጃ አይርቀኝም። ይሮጣል ብዬ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና «ሴትዮዋን የገጨሁት እኔ ነኝ» አለ።

እማዬ «ሽማግሌ እያለ ገበናችንን አደባባይ አሰጣሽው» ብላ ኮርፋኛለች። እኔም ሽማግሌ ጠልቼ አይደለም፤ ግን ሽማግሌ የሚላከው ያጠፋ ሰው አጠፋሁ ሲል ነው። ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ሰሃኑን ተቀብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ዛሬ ሰሃኑን ሲመልስ «ሴትዮዋ ቆሙ?» አለኝ። አልቆሙም አልኩት። አንጀቴን በላው፤ ሁለታችንም አለቀስን።

አንተ ታላቃችን ነህና እማዬን ደውለህ አለዝብልኝ። ለሴትዮዋ ቤተሰብም ጃጁራ ድረስ አንተው ሽማግሌ እንድታስልክ አደራ።

አባባ ስምህን ሳይጠራ አይውልም፣ ሰላም ብሎሃል። ታናሻችን ማህሌት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፣ ትስምሃለች። እማዬም ብትቆጣ ሰላምታዋን አልከለከለችህም። ራሄልንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ወይዘሮ አባይነሽ ቁስላቸውን ባጠብኩ ቁጥር ይመርቁኛል። የማን እህት እንደሆንኩ አያውቁም። ነገ ጠዋት ፋሻውን ከመፍታቴ በፊት እነግራቸዋለሁ። ጸልይልኝ።

እህትህ ጵርስቅላ
ሆሳዕና፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.