በወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንደኛ ማን ነበር?

ጎበሳ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ሳሉስ ተወዎት? አፍንጫዎን በሻሽ ሳይሸፍኑ እንደሚፈጩ አውቃለሁ፤ ብጠይቅዎ ደግሞ እሸፍናለሁ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ድንጋዩ ከተወቀረ ወዲህ ዱቄቱ ልሟል፣ የሳጉሬ ሰው ሳይቀር እህሉን ጭኖ ይመጣል ብላ አክስቴ ዙቤዳ ነግራኛለች። ደስ ብሎኛል።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብርዱም ትምህርቱም ተለምዷል። ተማሪዎቼ የኔን እንግሊዝኛ የቴሌቪዥን እንግሊዝኛ ይሉታል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከየት እንደለቀምኩት እርስዎ ያውቃሉ።

ስልክ እንዳልደውል ጆሮዎን ወፍጮው ከወሰደው ቆይቷል። በኦሮምኛ እንዳልጽፍ እኔ የተማርኩት ቁቤ ነው፣ እርስዎ በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩት ፊደል ነው። እንግዲህ እንደ ቤታችን ወግ ኦሮምኛ ለአፍ፣ አማርኛ ለወረቀት ይሁንና ልቀጥል። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ የሚሰጥዎ ኢብሳ ነው። አዎ፣ ያው ሊያገባኝ የጠየቀው ኢብሳ። ያስቀምጡት፣ ሻይ ይስጡት፣ ስለ ሬስሊንግ ግን አይጠይቁት፤ ከኳስ በቀር ምንም አያውቅም። ጉድለቱን አስቀድሜ ነገርኩዎ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የላኩባትን መልእክት ዙቤዳ አድርሳልኛለች። ጥር ላይ ኒካዬ ሲታሰር ወሊ ሆነው ሊድሩኝ እንደማይቀመጡ፣ በእርስዎ ቦታ አጎቴ እንዲተካ ማለትዎን ሰማሁ። ምክንያቱንም አልሸሸገችኝም። ዓይኑ ሥር ያለውን ውሸት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልለየ ሰው፣ ለልጁ የመጣውን ወንድ እውነትና ውሸት በምን ይለያል ብለዋል አሉ። አጎቴን እወደዋለሁ፤ ግን እኔን ለሰው የመስጠት ቃል ከእርስዎ አፍ ካልወጣ ለእኔ ኒካ አይደለም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው አረፋ፣ ሚፍታ ስልኩን ከኪሱ ያወጣ ጊዜ ነው። የአክስቴ ልጅ ክፉ አይደለም፣ አፉ ይቀድመዋል እንጂ። እነዚያን ስንት ዓመት ጠላት ናቸው ስንላቸው የኖርናቸውን ሁለት የሬስሊንግ ተጋዳዮች አብረው ሲስቁ፣ ማን ማንን እንዴት እንደሚጥል ሲለማመዱ አሳየዎት። አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ ነው እኮ አጎቴ ብሎ በግራ ጆሮዎ ጮኸ። እርስዎ ግን ወደ እሱ አላዩም፤ ወደ እኔ ዞረው ታውቂ ነበር ወይ አሉኝ። ጮኸው ካልነገሩት የማይሰማን ሰው መዋሸት እንዴት ከባድ ነው! አዎ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ተነሥተው ከወፍጮ ቤቱ የብረት በር ላይ በጠመኔ የተጻፉትን አሥሩንም የተጋዳዮች ስሞች በእጅጌዎ ጠረጓቸው። ስትስቂብኝ ኖረሻል ብለውኝ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲሹን እንዳልከፈቱት ሰምቻለሁ።

አባዬ፣ ያ ዝርዝር እኮ የእኔም ነበር።

የዘመናችን ታላላቆች ብለን ርእስ የሰጠነው እርስዎና እኔ ነን። ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ሁሉ ሊያርመው ይነሣ ነበር፤ ጋሽ መርሻ ስንዴያቸው ተፈጭቶ፣ አህያው ተጭኖ እንኳ ስቶን ኮልድ ከአምስተኛ በታች መውረድ የለበትም ብለው ቆመው ይሟገቱ ነበር። የእርስዎ ሚዛን የታወቀ ነበር። ጉልበት መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። መጀመሪያ፣ ጀርባውን የሰጠውን ሰው አይመታም ወይ? ቀጥሎ፣ ሲወድቅ እንዴት ይነሣል? በዚህ ሕግ ራንዲ ኦርተን ስንቴ ገብቶ ስንቴ ወጣ! ከኋላ ይመታል ብለው እርስዎ ይደመስሱታል፣ መልኩ ደስ ስለሚለኝ እኔ መልሼ እጽፈዋለሁ። ብሮክ ሌስናር አንደርቴከርን ካሸነፈ በኋላማ ስሙ በዚህ በር ላይ አይጻፍም ብለው በእሱ ቦታ ሰረዝ ብቻ አሰመሩ። ያን ቀን ትዝ ይልዎታል? በየዓመቱ በሚደረገው ትልቁ ግጥሚያ ሃያ አንድ ጊዜ ያልተሸነፈ ሰው በሃያ ሁለተኛው ሲወድቅ፣ እርስዎ ወፍጮውን አጥፍተው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ጎረቤት ማን ሞተባችሁ እያለ መጣ። እኔ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ጆሮዎ ሥር ሆኜ እንግሊዝኛውን ስተረጉምልዎ፣ ዳኛው ቸኩሎ ነው የቆጠረው ይላሉ ብዬ ጮህኩ። አላሉም። እኔው ነኝ ያልኩት።

እንግዲህ ልናዘዝ። ነገሩ ተመካክረው የሚሠሩት መሆኑን ያወቅኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ያመጣችው የእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ አነበብኩት። ልነግርዎ እየሮጥኩ መጣሁ። ስደርስ እርስዎ ከእግር እስከ ራስዎ ዱቄት ለብሰው፣ አንድ የዲክሲስ ገበሬን አንገቱን በብብትዎ ሥር አስገብተው አያያዙን ያስተምሩት ነበር። ሰውየው ይስቃል፣ እርስዎ ይስቃሉ። እናቴ ወደ ጅዳ ከሄደች ወዲህ ጥርስዎን ያየሁት የሬስሊንግ ቀን ብቻ ነበር። መጽሔቱ ውስጥ ያለውን ዋጥኩት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አልተፋሁትም። ስለዚህ አውቄ ዝም ብያለሁ፤ በዚህ ከቀጡኝ ቅጣቱ ይገባኛል። ስቀሽብኛል ያሉትን ግን አልቀበልም። አንደርቴከር የተሸነፈ ቀን ጓሮ ሄጄ ያለቀስኩት እያወቅኩ ነው። ሰው እያወቀ አያለቅስም ያለ ማነው?

ደግሞም እያወቁ ዝም ማለት ያኔ ለእኔ አዲስ አልነበረም።

የአንደኝነቱን ክርክር ያስታውሱ። አሥር ዓመቴ ነበር። እርስዎ አንደርቴከር አሉ፤ እኔ አጭሩ፣ ጭንብል የሚያጠልቀው ሬይ ሚስቴሪዮ አልኩ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በመጨረሻ የሁለት ሰው ጠብ ያለ ሦስተኛ ሽማግሌ አይፈታም፣ ለእናትሽ እንጻፍና እሷ ትፍረድ አሉ። አሠሪዎቿ ስልክ አይፈቅዱላትም ብለውኝ ስለነበር፣ በሰው እጅ ነበር ደብዳቤ የምንልክላት። ጻፍኩ፤ ወደ ጅዳ ለሚሄድ ሰው እሰጣለሁ ብለው ይዘውት ሄዱ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ መልሱ መጣ። እናቴ ትናፍቀኛለች፣ ትምህርቴን እንዳልተው ትመክረኛለች፣ ከታች ደግሞ ፍርዷን ጽፋለች። ትልልቆቹን እየዘለለ የሚጥለው አጭሩ ይበልጣል፣ ልጄም ከሱ ትማር፣ አንደኛው እሱ ነው።

እርስዎ እንዴት ተቆጡ! ጠመኔውን መሬት ላይ ወረወሩት። ይቺ ሴት ስለ ትግል ምን ታውቃለች አሉ። በወረፋ ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ ተበደልኩ ብለው ተናገሩ። ከዚያ ጠመኔውን ራስዎ አንሥተው፣ የራስዎን ሰው ራስዎ ደምስሰው፣ የእኔን ከሁሉ በላይ ጻፉልኝ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። ስዘል ደብዳቤው ከእጄ ተዘረጋና ከእጥፋቱ ውስጥ ነጭ ነገር ሰማያዊ ዩኒፎርሜ ላይ ፈሰሰ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። የወፍጮ ቤት ልጅ ነኝና ምላሴ አይስትም፣ የገብስ ዱቄት ነበር። አራገፍኩትና ዝላዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አሥራ አንድ ደብዳቤ መጥቶልኛል። አሥራ አንዱም እዚህ ጎበሳ፣ ሣጥኔ ውስጥ ናቸው። ጅዳ ውስጥ ገብስ ይፈጫል ወይ ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄዎ አላውቅም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ? በዚያ ቤት ሁለት አውቀው የተኙ ሰዎች ነበሩ እላለሁ።

ሌላም የደበቅኩዎ ነገር አለ፤ ዛሬ ሁሉንም ልጨርስ። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን በኢሞ አገኘኋት። ደህና ናት። እዚያው ቤትና ልጆች አሏት፣ ድምፅዋም የሩቅ ዘመድ ድምፅ ሆኗል። ከሄድኩበት ዓመት ወዲህ አለመጻፌን ይቅር በይኝ አለችኝ። እኔ ሬይ ሚስቴሪዮን አሁንም አንደኛ ታደርጊዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የሰፈር ሰው መሰላት መሰለኝ፣ ደህና ነው ወይ፣ ሰላም በይልኝ አለችኝ። አደርሳለሁ አልኳት። አልተቀየምኳትም። ስልኩን ዘግቼ ግን ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ደብዳቤዎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኳቸውና ማን እንዳሳደገኝ አሰብኩ።

አሁን እርስዎ ውሸት ነው ያሉትን ነገር እኔ እንዴት እንደማየው ልንገርዎ። አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል፤ እሺ። መውደቁ ግን መውደቅ ነው፣ ወለሉም ጥጥ አይደለም። አንዱ ሌላውን ከራሱ በላይ ሲያነሣው አይተዋል? የሚወረውረው ሰው እንደ እንቁላል ይዞት ነው። እንዳይሰበር ያስባል፣ እየተሳደበም ያስባል። አንዱ ከፍ እንዲል ደግሞ ሌላው በሕዝብ ፊት ለመሸነፍ መስማማት አለበት። ይህን እስካውቅ ድረስ ታላቅነት በማሸነፍ የሚገኝ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ሰሞኑን ዝርዝሩን በደብተር ላይ እንደገና ሠራሁት። ሌስናርን ስምንተኛ ጽፌዋለሁ፤ ይቻሉት፣ ሰረዙ ይብቃው። ኦርተንም አለ፣ መልኩ ገና አልጠፋም። ከርት አንግልን ወደ አምስተኛ አወጣሁት፤ በኦሊምፒክ በእውነተኛው ትግል ወርቅ ያገኘ ሰው እዚያ መጥቶ ለሌላው መውደቅን መቀበሉ ቀላል ነገር አይደለም። ጆን ሲና አራተኛ ነው። በዚህ ወር ተሰናበተ፤ ዕድሜውን ሙሉ እጅ አልሰጥም ሲል ኖሮ በመጨረሻው ግጥሚያ እጁን መታ መታ አድርጎ ተሸንፌያለሁ ብሎ ወጣ። ብቻዬን ሳየው እርስዎ አጠገቤ ባለመኖርዎ ቆጨኝ። የእርስዎ ቀብር አስፈጻሚ፣ አንደርቴከር፣ ሦስተኛ ሆኗል። ሬይ ሚስቴሪዮን ከስንት ዓመት በኋላ ራሴ ከዙፋኑ አወረድኩት፣ ሁለተኛ ነው።

አንደኛውን አልጻፍኩትም። አንዲት ልጅ እንድትዘል ብሎ በወረፋተኛ ሁሉ ፊት የተሸነፈ፣ ጠመኔ የወረወረ፣ መልሶም ያነሣ ሰው ነው። ቀበቶ የለውም፣ በቴሌቪዥንም አልታየም። እውነትና ውሸትን አይለይም ብሎ የሚያስበው እሱ ራሱ ብቻ ነው። እኔ ግን ወሊዬ እንዲሆን የምፈልገው እሱን ነው። እንዳልወድቅ አድርጎ የያዘኝን ሰው እጅ አውቀዋለሁና፣ ለሌላ እጅ የሚያቀብለኝም እሱ ይሁን።

ትምህርት እንደተዘጋ፣ ጥር አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። በቀጥታ ወደ ቤት አልገባም፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው የምቆመው። ጠመኔ ይዤ እመጣለሁ፤ አንድ ስም እንኳ ተጽፎ ካገኘሁ ወሊ ለመሆን እሺ ብለዋል ማለት ነው።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። እጅዎን ከድንጋዩ፣ ደረትዎን ከብናኙ ይጠብቅልኝ። በኒካዬ ቀን ነጭ ልብስዎን ለብሰው በቦታዎ ተቀምጠው ያሳየኝ፣ ለልጆቼም ያያያዝ ጥበብዎን ለማስተማር ያብቃዎ፣ አሚን።

ኢብሳ እስኪጽፉልኝ ድረስ ይጠብቃል፣ አይቸኩልም፤ መልስዎን በእሱ እጅ ይላኩልኝ። ወረቀቱን ሲያጥፉት ግን እንዳያራግፉት።

የወፍጮ ቤቱ አስተርጓሚ፣
ልጅዎ