አንተ ያላልከው ቃል

ውድ የሼፋሊ አባት፣

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ጀልባ ነጂው ሞተሌብ ነው። ናራያንጋንጅ ወደብ ላይ አሸዋ ከሚያራግፉት ሰዎች መሃል ፈልጎ በእጅህ እንዲሰጥህ በአላህ ስም አስምዬዋለሁ። ለሌላ ሰው አታስነብበው። ፊደሌን ታውቀዋለህ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ፊደል ነው፤ ቀስ ብለህ አንብበው። ሰላምታውን አላስረዝምም። እናትህ ደህና ናት፣ ፍየሏም ወልዳለች። እኔ ግን ከሄድክ ጀምሮ ደህና አልነበርኩም፤ ለምን እንደሆነም ከአላህ በቀር የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነበርን። ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። የተቀጣህበት አንተ ነህ።

ያን ቀን ረስተኸው ላስታውስህ አይደለም፤ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት እንድታውቅልኝ ነው። ወንዛችን ጃሙና ሦስት ቀን ሙሉ ዳርቻውን ሲገምስ ሰንብቶ ከግቢያችን ጫፍ ደርሶ ነበር። የመንደሩ ወንዶች የቤታችንን ቆርቆሮ እየነቀሉ ይሸከማሉ፣ እናትህ ድስቶቹን በጨርቅ ትቋጥራለች። አንተ ግን ዶማ ይዘህ የልጃችን የሼፋሊ መቃብር ላይ ቆመሃል።

«ኮሂኑር፣ ኢማሙ ፈቅዷል። ውሃው ሳይደርስ አጥንቷን እናንሳት።»

ስትጠይቀኝ ሦስተኛህ ነበር። እኔም ለሦስተኛ ጊዜ፣ «ተዋት! ትኩሳቱ ያሰቃያት ይበቃል፣ አሁን እንኳ ትተኛበት» አልኩህ። ከቀትር በኋላ ዳርቻው ተሰንጥቆ ከነሙዝ ተክሉ፣ ከነመቃብሩ ሲወርድ ቆመን አየን። ነጭ ጨርቅ ያየሁ መሰለኝ። ምናልባት አረፋ ይሆናል።

ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ለሌባ እንኳ የማይሰጥ ስድብ ለፈጠረኝ ጌታ ሰጠሁት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ፣ ምክንያቱም ደግሜ፣ ከመጀመሪያው የባሰ አድርጌ ነው ያልኩት። ከጠዋት ጀምሮ ሳለቅስ ስለዋልኩ ድምፄ ሻክሮ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም ነበር። ከቆመው ቆርቆሮ ማዶ የነበሩት ወንዶች የያዙትን ጣሉ። ዳኛችንም ጎረቤታችንም የሆነው ሽማግሌው ጎፉር፣ «ማነው? ይህን ያለው ማነው? ወንዙ የሚበላን እኮ እንዲህ ባለው አፍ ነው!» ብሎ ጮኸ። አንተ ወደ እኔ እንኳ አልዞርክም። ዶማውን አስቀመጥክ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ወጣህና «እኔ ነኝ» አልክ።

በማግስቱ በጎፉር ግቢ የሆነውን በአጥሩ ቀዳዳ ነው ያየሁት። ያረጀ ጫማ በገመድ ሰክተው አንገትህ ላይ አጠለቁት። ኢማሙ የእምነት ምስክርነቱን፣ ከሊማውን በል ሲልህ ሦስት ጊዜ፣ ከእሱ በላይ አጥርተህ አልክ። «አሁን ደግሞ ከተናገርኩት ቃል ተጸጽቻለሁ በል» ሲልህ ግን ዝም አልክ። ስንት ጊዜ እንደተናገርከውም ጎፉር ጠየቀህ፤ ለዚያም ዝም።

«በል እንጂ ሰውዬ! አንዲት ቃል ናት፣ ብለሃት ቤትህ ግባ!»

ጎፉር መጀመሪያ ለመነህ፣ ኋላ ተቆጣህ፤ አንተ መሬት መሬት ታያለህ። ትዕቢት ነው አሉ። እኔ ግን ገብቶኛል። ለሰው ዋሽተሃል፣ በአላህ ፊት ግን መዋሸት አልሆነልህም። ያላልከውን ብያለሁ ብለህ መጸጸት፣ ተውባ መግባት አቃተህ። አንድ ጊዜ አፌን ብከፍት ያ ገመድ ከአንገትህ ይወርድ ነበር። ባለፈው ቀን እንደ በር የተከፈተው አፌ ያን ቀን ተዘጋ። ፈራሁ፣ የሼፋሊ አባት። ወንዱን በጫማ ከሸኙ ሴቷን በምን ይሸኙ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ተውባ እስክታደርግ መንደሩን እንዳትረግጥ ተፈርዶብህ ጀልባው ላይ ስትወጣ ዞረህ አየኸኝ። እኔ በሻሼ ፊቴን ሸፈንኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አታውቅም። ሳምንት ሳይሞላ ጎፉር እናትህ ዘንድ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ከእምነት የወጣ ሰው ጋብቻው ይፈርሳል» አለ። «ስለዚህ ሦስት ወሯን ትቁጠር። ከዚያ ሌላ ወንድ አግብታ፣ አብራው አድራ ትፈታ። ያን ጊዜ ልጅሽ ተውባውን ከፈጸመ መልሶ ያገባታል። ደንቡ ይኸው ነው።» ሌላው ወንድ ማን እንደሆነም ቆርጦ ነው የመጣው፤ ሚስቱ የሞተችበት የወንድሙ ልጅ ራጀብ።

«ራጀብ ጨዋ ልጅ ነው» አለ።

«ጨዋ ከሆነ ለምን ከአሁኑ አልጋ ያሠራል?» አልኩት ከጓዳ።

«ኮሂኑር፣ ምላስሽን ሰብስቢ! ባልሽ በምላሱ ምን እንደሆነ አይተሻል።»

እሳት ዋጥኩ። ምላሷን መሰብሰብ የነበረባት ማን እንደሆነች አላወቀም እንጂ እውነቱን ነው የተናገረው።

እናትህ ደግሞ ከጎፉር የከፋ ቀጣችኝ፣ ሳታውቅ። ስምህን መጥራት ተወች። ሰው ሲጠይቃት «ልጅ የለኝም» ትላለች፣ ከዚያ ሩዝ ስትለቅም እንባዋ ሰፌዱ ላይ ይወርዳል። «ይህ ያጠባሁት ጡት ምን አጠፋ?» እያለች ለብቻዋ ስታወራ አጠገቧ ተቀምጬ ዓሣ አጸዳለሁ። ከአንድ ድስት እየበላን፣ ልጇን የነጠቅኳት እኔ እንደሆንኩ ሳልነግራት ሁለት ወር ከሃያ ቀን ኖርኩ። እንዴት እንደኖርኩት አትጠይቀኝ።

ቀኑ ሊሞላ ዐሥር ሲቀረው፣ ለጥርሴ መድኃኒት ልግዛ ብዬ ወንዙን ተሻገርኩና መድረሳው ውስጥ በሃይማኖት ጉዳይ ፈትዋ የሚሰጡት ሸኽ ኖማን ዘንድ ሄድኩ። ለሴቶች መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጥኩ። «ባሌ የኩፍር፣ የክህደት ቃል ተናገረ» ብዬ ጀመርኩ። አየህ፣ እዚያም ዋሸሁ። የጎፉርን ፍርድ ስነግራቸው ሸኹ ጭናቸውን ሲመቱ ተሰማኝ።

«ሌላ ባል? እንዴ! ያ እኮ ሚስቱን ሦስት ጊዜ የፈታ ሰው ጉዳይ ነው። ምኑን ከምኑ ቀላቀላችሁት? በቃል የወጣ በቃል ይመለሳል። ከልቡ ይጸጸት፣ ከሊማውን ይበል። ከዚያ የጋብቻ ቃል ኪዳኑ፣ ኒካሁ፣ በሁለት ምስክር፣ ለአንቺ በሚሰጥ አዲስ መህር ይታሰር፤ እሱም አንቺ ከወደድሽ ነው። ካልወደድሽ ማንም አያስገድድሽም።»

ጽፈው አተሙበት። ወረቀቱ እጄ ገባ፣ ከራጀብ ዳንኩ። ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር፤ እግሬ ግን እምቢ አለ። ይህ ወረቀት እኔን አዳነ እንጂ አንተን አይመልስህም። አንተ ባላልከው ቃል ተጸጽቻለሁ አትልም፣ ሳትል ደግሞ አያስገቡህም።

«ሌላ ነገር አለሽ ልጄ?»

«ቃሉን ያለው እሱ አይደለም፣ ሸኽ።»

ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ያለው ሰው ተጸጽቷል?» ብቻ አሉ።

«ልጇን ከነመቃብሯ ወንዝ በላባት» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«ተጸጽታለች። ግን የሚምራት አይመስላትም። ደግማ ነው ያለችው።»

«ሺህ ጊዜስ ብትለው? ነፍስ ጉሮሮ ጋ እስክትደርስ የተውባ በር አይዘጋም። ክፍት ነው ያለውን ጌታ ዘግተኸዋል ማለትማ ሌላ ስድብ ነው። ከሊማውን በዪ።»

እዚያው አልኩት። ሼፋሊ ከሞተች ጀምሮ ሳለቅስ ከርሜ ነበር፤ ያን ቀን ግን በቁጣ ሳይሆን አለቀስኩ። ይቅለለኝ አይቅለለኝ ሳልለይ ሸኹ የፈራሁትን ተናገሩ።

«የአላህና የአንቺ ነገር በመሃላችሁ ነው፤ እሱ የሸፈነውን ገመናሽን ለሰው ግለጪ አልልሽም። ነገር ግን የአንቺን ሸክም ተሸክሞ የሚዞር ሰው አለ። የእሱን ሀቅ እኔ ይቅር ልልሽ አልችልም። ለባለቤቱ ሳይመለስ እንዲህ ያለ ሀቅ አይሰረዝም። እንዴት እንደምትመልሺለት አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቄዋለሁ። ጀልባው ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ ላለማወቅ ሞከርኩ።

ጁምዓ ተሰግዶ ሲያበቃ የራጀብን ነገር ሊጨርሱ በጎፉር ግቢ ተሰበሰቡ። እኛ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ነን። ኢማሙ ገና ቢስሚላህ ሲል አጥሩን አልፌ ገባሁ። በዚህ አገር ሚስት የማታደርገውን አደረግኩ፤ በሰው ፊት ስምህን ጠራሁ።

«ሞፋዛል ምንም አላለም። ያን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ራጀብ ሳቀ። ጎፉር ግን አልሳቀም።

«ባልሽን ለማዳን ነው የምትዋሺው።»

«እሱ ነው እኔን ለማዳን የዋሸው።»

«ሴትዮ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ማስረጃሽ ምንድነው?»

«አልደግመውም እንጂ ቃሉ ሁለት ጊዜ ነው የተባለው፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ይብሳል። እርስዎ በጆሮዎ ሰምተዋል። ስንት ጊዜ አልከው ብለው ሞፋዛልን ሲጠይቁት ለምን ዝም አለ? የራሱ ቢሆን ይጠፋው ነበር?»

የጎፉር ፊት ተለወጠ። ቁርኣን አስመጣና አስማለኝ፣ ማልኩ። ያኔ ከኋላ አንዱ «ጫማ አምጡ!» አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ሦስተኛው ተነሣ። ገመድ ሲመዘዝ አየሁ። ልሮጥ ብል የምሮጥበት የለም፤ ከኋላዬ ሰው ነው፣ ከሰው ኋላ ወንዝ ነው። እናትህ ሰው እየገፋች ስትመጣ አየሁና ዐይኔን ጨፈንኩ። በጥፊ አጮለችኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ።

«ይሄ የልጄ ነው» አለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝና ወደ እነሱ ዞረች። «የእኔን ድርሻ ወስጃለሁ። አሁን ገመድ የያዘው ይምጣ፤ ግን መጀመሪያ በእኔ አንገት ነው የሚያጠልቀው። ልጄን ስታስሩት ዝም አልኩ፤ ዛሬ ግን ዝም አልልም!»

ማንም አልመጣም። ኢማሙ የሸኹን ወረቀት ተቀብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ሌላ ባል የሚለው ስህተት ነው የሚለው ቦታ ሲደርስ ድምፁ አነሰ። ጎፉር ሲፈርድ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ብሎ ነበርና። ተውባዬን በሰው ፊት ደገምኩ። ጎፉር ተነሥቶ ወደ ወንዙ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መስጊድ ውስጥ የኋላው ረድፍ ላይ ነው የሚሰግደው ይላሉ። ይቅርታ ሊጠይቅህ ይገባዋል፤ ይጠይቅህ አይጠይቅህ ግን አላውቅም።

እናትህ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ሩዝ በምስር አቀረበችልኝና፣ «ብዪ። ሲመጣ ከስታ ጠበቀችኝ እንዳይለኝ» አለች። ስለዚህ እሷ መምጣትህን አትጠራጠርም። መንደሩም ክፍት ነው፣ ማንም አንድ ነገር በል አይልህም።

እኔ ግን ና ልልህ መብት የለኝም። ኒካሃችን በእኔ አፍ ፈርሷል፤ ዛሬ አንተ ነጻ ሰው ነህ። አንተ ለእኔ ለመቆም አንድ አፍታ አልዘገየህም፣ እኔ ለአንተ ለመቆም ሦስት ወር ፈጀብኝ። አላህ መሐሪ ነው፤ አንተ ሰው ነህ፣ ሊያቅትህ ይችላል። ካቃተህ እናትህን መጥተህ እያት፤ የምትመጣበትን ቀን በሞተሌብ ላክ፣ እኔ ያን ቀን ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ። አልረግምህም፣ ለማንም አላማህም።

ይቅር ካልከኝ ግን ከጀልባው ወርደህ ቀጥ ብለህ ቤት እንዳትገባ። ኢማሙ ዘንድ ሂድ፣ ሁለት ምስክር ያዝ፣ ጨርሶ እንደማታውቀኝ ሰው አስጠይቀኝ። ያኔ በልጅነቴ እሺ ያለልህ አባቴ ነበር። አሁን የምመልስልህ እኔ ራሴ ነኝ።

«ሚስትህ» ብዬ ልፈርም እስክሪብቶውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ስም አንተ መጥተህ ካልጠራኸኝ በቀር የእኔ አይደለም።

ኮሂኑር