የልጄ እንገር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1976

ደፋችው! እማዬ የመጀመሪያውን ወተቴን ሲኒ ውስጥ አልባ ደጃፍ ላይ ደፋችው። ቢጫና ወፍራም ነበር። ትናንት ከወለድኩ ወዲህ አቅም የለኝም፤ እጇን ይዤ ላስቆማት አልቻልኩም።

«እንገር ነው። ዘጠኝ ወር የተኛ ወተት ለሕፃን አይሰጥም፣ ሆዷን ይነፋታል» አለች። ልጄን በጣቷ ለጋ ቅቤ አቀመሰቻት። ያቺ ሚጢጢ ምላስ ስትልስ ሳይ ሳቄም እንባዬም መጣ።

ልጅቷ ከሲታ ናት። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ተቅማጥ ገብቷል። ታደሰ ግዳጅ ላይ ነው፤ አባት መሆኑን እንኳን ገና አልሰማም። አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን ብዬ ልነግረው ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ተጣላን።

«ዛሬ አትነኪኝም» አልኳት። «እኔ የምውለው ላቦራቶሪ ነው፣ እማዬ። ቢጫው ውስጥ አንቲቦዲ አለ፤ በሽታ የሚከላከልላት እሱ ነው።»

«አንቺን ማን አሳደገሽ? ላቦራቶሪው?»

ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ወረፋ ሄደች። በሩ ገጠም ሲል ልጄን አጠባኋት። ለገዛ ልጄ ስሰርቅላት! ደስ ግን አለኝ።

እውነቷን ነው፣ አሳድጋኛለች። ግን እንዴት ያለ አስተዳደግ! ያኔ ጉለሌ ግማሹ ግጦሽ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ላሞች ነበሩን። ከጥጃ ጋር ተኝቻለሁ፣ ውሻ አፌን ልሶኛል፣ በባሕር ዛፉ ሥር ከሚወርደው ውሃ በእፍኜ ጠጥቻለሁ፣ መሬት የወደቀ ቆሎ እፍ ብዬ በልቻለሁ። የሕፃን ሰውነት ያገኘውን ተሕዋስያን ሁሉ እያየ መከላከያውን ይሠራል፤ ብዙውንም አይረሳውም። የራሱን እስኪሠራ ደግሞ ከእናቱ ወተት ይዋሳል።

እንግዲህ ያ ግቢ ዛሬም እኔ ውስጥ አለ ማለት ነው። ላሞቹ ተሸጡ፣ ግጦሹም ቤት ተሠራበት። ልጄ ግን ከዚያ ግቢ ትንሽ ትንሽ ትጠጣለች። ይህን ሳስብ ግቢው ናፈቀኝ። ምነው አባዬ በኖረ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

እማዬ እንዳኮረፈች ናት። ገንፎውን አጠገቤ ታስቀምጥና ዘወር ትላለች። ገንፎው ግን እንዴት ይጣፍጣል።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ሊጠይቁኝ መጡ። ድሮ ወተት የሚወስዱት ከእኛ ነበር። ቦራን፣ ትልቋን ላማችንን፣ አነሱ። «እሷ ስትወልድ እኮ እንገሩን አፍልታችሁ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ታቃምሱ ነበር!» አሉ። እማዬ ኩርፊያዋን ረስታ ሳቀች። ልክ እንደ አይብ ይረጋ ነበር፤ ጣታችንን እስክንልስ እንበላዋለን።

ያኔ አንድ ክረምት ትዝ አለኝ። እማዬ በዝናብ ሮጣ ጥጃውን ታቅፋ ጡት ስታስይዘው፣ እኛ የሰፈሩ ልጆች ጣሳ ይዘን ስንከባት፣ «ዞር በሉ! መጀመሪያ ጥጃው!» እያለች ስትቆጣን።

«እማዬ፣ የቦራን ጥጃ እንገር ከልክለሽው ታውቂያለሽ?»

«አበድኩ እንዴ? እንዲሞትብኝ?»

አፏ ላይ ያለው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። እትዬ ዘይነባ አንገታቸውን ደፉ። እማዬ ቅቤውን አንስታ ወጣች።

አርብ፣ ጥቅምት 10

ጠዋት ልጄን ራሷ አምጥታ ደረቴ ላይ አስተኛቻት። «ትጥባ» አለች። አሸነፍኩ ብዬ ልጽፍ ነበር።

እግሬ ሥር ተቀምጣ ስታያት ቆየችና፣ «ከአንቺ በፊት የሞቱብኝ ሁለቱ…» አለች። «ሙሉና ጌታቸው። አርባ ቀናቸውን እንኳን ሳይደፍኑ።» ስማቸውን ስትጠራ ዛሬ ገና ሰማኋት። «በእንገሩ ይሆን እንዴ? የአንቺንም እኮ ደፍቼዋለሁ። አንቺ ተርፈሻል።»

«አላውቅም፣ እማዬ» አልኳት። እውነትም አላውቅም። አይደለም ማለት ነበረብኝ? ይህንኑ ሳብሰለስል ዋልኩ። ምነው ያን የጥጃ ነገር ባላነሳሁት አልኩ፤ ደግሞ ልጄን ሳይ እንኳን አነሳሁት አልኩ።

አላለቀሰችም። ትራሴን አስተካከለችልኝ። ልጅቷ ጠግባ ዓይኗ ሊከደን ሲል ጉንጯን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት።

«ሌላኛውንም ስጫት» አለችኝ። «ይቺስ አይጉደልባት።»