ጎርጊ ያልነካው ጉርሻ

የመህር ወር 11 ቀን

ዛሬ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። የጂኦሜትሪ ፈተና ነበር። ሦስት ማዕዘኑን ሣልኩና ቁጭ አልኩ። መምህሩ ወረቀቱን ሲሰበስብ አየኝና አለፈ። ሰሞኑን ማንም ምንም አይለኝም።

ቤት ስገባ መጀመሪያ የጠየቅሁት "ውሻው በላ?" ብዬ ነው። እማዬ ራሷን ወዘወዘች። አልበላም።

መህር 12

ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

ወንድሜ ኢስፋንድያር ከመሬት በታች የሚሄደውን የውኃ ቦይ ሲጠርግ አፈር ተናደበት። ሲያወጡት... አልጽፈውም።

እንደ ጥንታዊው የፋርስ እምነታችን ወግ ሬሳውን ውሻ ሊያየው ይገባ ነበርና ጎርጊን ጠሩት። ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ነጠብጣብ አለው፤ ባለ አራት ዓይን የሚባለው ዓይነት ነው። ደግሞም የራሱ የኢስፋንድያር ውሻ ነው። ከእሱ የተሻለ ማን አለ? ገባ። አየው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወጥቶ ሄደና ወንድሜ የወረደበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተኛ። እስካሁን እዚያው ነው።

የሟች ድርሻ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ በየገበታው ለውሻ ይቀርባል። ውሻው ሲበላ ለሟቹ ይደርሰዋል፤ ቤተሰቡ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋትና ማታ እኔ እወስድለታለሁ፤ ቀን አክስቴ ዳውላት። ጎርጊ ያሸታል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ውኃ ብቻ ይልሳል።

ትሪው እንዳለ ሲመለስ እማዬም ሳትቀምስ ታነሳዋለች። ሻይ በስኳር ብቻ ነው የያዛት። እስከ መቼ?

መህር 13

ክፍል ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጠው ያዱላህ ነገሩን ሰምቷል። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ውሻ ዕቃቸውን ከላሰ በአፈርና በውኃ ደጋግመው ያጥቡታል። "እናንተ ደግሞ ከእናታችሁ አስቀድማችሁ ታበሉታላችሁ" አለኝ። ልመታው ነበር። እጄ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ቆሟል። በጋዜጣ የተጠቀለለ አጥንት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሏል። የበግ ነው አለ፤ እናቱ እንዳትሰማ። ጉድጓዱ ድረስ አብሮኝ ሄደ፣ ጎርጊ እንዳይነካው ግን ሱሪውን ሰብስቦ ራቅ ብሎ ቆመ። ጎርጊ አጥንቱን ዞር ብሎም አላየው።

"ይሄስ ከእኔ በላይ ይጸየፋል" አለ ያዱላህ።

ሳቅሁ መሰለኝ። ወዲያው አፈርኩ።

መህር 14

ካህናችን ሞቤዱ ቤታችን መጡ። አክስቴ ናት ያስጠራቻቸው። ብዙ አታልቅሱ አሉ፤ የምናፈሰው እንባ ነፍሱ መሻገር ያለባት ወንዝ ይሆንባታል። ታዲያ እስካሁን ያለቀስነውስ? እሱን አልጠየቅኋቸውም። ስለ እማዬ ምግብ ሲያነሡ ድምፃቸው ጠነከረ።

"በእኛ ዘንድ ጾም ኃጢአት ነው፣ ሞርቫሪድ" አሏት እማዬን።

"አልጾምኩም፣ አባቴ። ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።"

ሌላ ውሻ ይፈለግ አሏት። የጎረቤታችን ውሻ አለ፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። እሷ ግን በጄ አላለችም። ልጄ ከጎርጊ ሌላ ማንንም አያምንም ነበር አለች። ሞቤዱ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ነፍስ የምትሻገርበት ድልድይ ላይም ውሾች ይጠብቃሉ ይባላል። ጎርጊ እዚህ ፊቱን ካዞረበት እነዚያስ? አንዱ ለሌላው ይናገር ይሆን? የሞኝ ሐሳብ ነው። ግን አይወጣልኝም።

መህር 15

እማዬ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ግድግዳ ያዘች።

መህር 16

ውሸት ብነግራትስ? ዳቦውን ጉድጓድ ውስጥ ጥዬ "በላ" ብላት... ያን ጊዜ ትበላለች። ግን ኢስፋንድያር ምንም አይደርሰውም። ማንን ላስርብ? አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያበላን እሱ ነው። አሁን ደግሞ ያለችኝ እማዬ ብቻ ናት።

አክስቴ ወተት ልታስጎነጫት ትታገል ነበር። "አንቺም ብትሄጂ ይሄን ልጅ ለማን ልትተዪው ነው?" ስትላት ሰማሁ። የእማዬ መልስ አልተሰማኝም።

ነገ እጥለዋለሁ።

መህር 17

ልጥለው ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ልጥለው ነው የሄድኩት።

በዘይት የተጠበሰው ዳቦ ገና ትኩስ ነበር። እኔም ለካ ከትናንት ጀምሮ ደህና ነገር አልበላሁም። ሽታው... ከአፈሩ ቁልል ላይ ተቀምጬ ግማሹን ጎረስኩት። የወንድሜን ድርሻ። እንደ ሌባ።

ጎርጊ ጆሮውን አቆመ። ተነሣ። አፌን ያያል። እስክውጥ ጠበቀ፤ ከዚያ መጥቶ አፍንጫውን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። የቀረውን ሰጠሁት። በላው! እንቁላሉንም፣ እጄ ላይ የቀረውን ዘይትም።

ያኔ ነው የገባኝ። ኢስፋንድያር ለምሳ ከጉድጓዱ ሲወጣ ፊቱ ጭቃ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ራሱ ይጎርሳል፣ ቀጥሎ ለጎርጊ ይሰጣል። ከቸኮለበት "ቆይ አንተ፣ መጀመሪያ የሠራ" ይለው ነበር። እኛ እንደ ወጋችን ለጎርጊ ስናስቀድም እሱ ሰው እስኪበላ ይጠብቅ ነበር።

ግን እኔ የበላሁት ይቆጠራል? የወንድሜን መንገድ አበላሽቼበት ቢሆንስ?

ቤት ገብቼ "በላ" አልኳት። እማዬ ፊቴን አየችው። አገጬ ላይ ዘይት ነበር።

"አንተስ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ዛሬም አልበላችም። ምን አደረግሁ?

መህር 18

ጠዋት ሻሿን አሰረች፤ እኔ ትሪውን፣ እሷ ትከሻዬን ይዘን እስከ ጉድጓዱ ሄድን። ሁለት ጊዜ አረፍን። ከሞተ ወዲህ እዚያ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። የወረደበትን ቀዳዳ አላየችም፣ ጎርጊን ብቻ።

የአፈሩ ቁልል ላይ ተቀመጠች። ዳቦውን ቆረሰችና ይዛው ቆየች። ልትተወው ነው ብዬ ነበር።

"መጀመሪያ ለራሱ ነበር የሚጎርሰው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ስግብግብ" አለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም።

ጎረሰች። አኘከች... አኘከች። ጎርጊ አፏን እያየ ቆሟል። እኔም እንደ እሱ። አልወርድ ብሏት ዓይኗን ጨፈነች። ዋጠች።

ጎርጊ ወደ እሷ ሄደ። የቀረውን ከእጇ በላ። እሷም ሌላ ቆረሰች፤ አንድ ለራሷ፣ አንድ ለእሱ፣ ትሪው ባዶ እስኪሆን።

ስንመለስ ጎርጊ ከኋላችን መጣ። አልጠራነውም። እማዬ አሁንም ትከሻዬን ይዛለች፤ በመልስ ጉዞ ግን ክብደቷ ተሰማኝ።

"ነገ እንቁላሉን ሁለት አድርገህ ቀቅል" አለችኝ።

"ሦስት" አልኳት።